ሁለት ጣት ያዛወርኩት ምልክት

በደርግ ዘመን ደባርቅ ውስጥ ራሷ በእጄ ያላለፈ ሴት ጥቂት ነበረች። ሹሩባ ሠሪ ነበርኩ። የሙሽራ ራስ፣ የአራስ ራስ፣ ከጃናሞራ ለገበያ የወጣች ባላገር ራስ፣ የሴቶች ማህበር ሊቀመንበሯ ራስ ሳይቀር በጉልበቴ መሃል አልፏል። ሊቀመንበሯ ስብሰባ ላይ ስትቆጣ ሌላው ሁሉ ይፈራታል፤ እኔ ግን ከጆሮዋ በስተኋላ ያለውን ቋቁቻ ስለማውቀው እምብዛም አልፈራትም ነበር።

ይህን የምለው እንድታምኑኝ ነው። ራስ አውቃለሁ። የሰው ራስ ሳበጥር ኖሬ በራሴ ላይ የሠራሁትን ስህተት ልነግራችሁ ነው። አናታችሁ እየበላችሁ፣ ፀጉራችሁ እየሳሳ ሻሽ አስራችሁ ዝም ያላችሁ ካላችሁ አንብቡት። መጽናኛ ፈልጋችሁ ከሆነ ግን እዚህ ብዙ የለም።

ሹሩባ ሠሪ የራሷን አናት አትሠራም። እኔን የሚሠሩኝ የባለቤቴ እናት እትዬ ብዙነሽ ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ለጋ ቅቤ ሲቀቡኝ አናቴን በርበሬ እንደነካው ቁስል አቃጠለኝ።

«እረፊ እንጅ፣ ምን ያቁነጠንጥሻል?» አሉኝ።

«ያቃጥለኛል፣ እትዬ።»

ሚዶውን አስቀምጠው ፀጉሬን ከፈል ከፈል አድርገው አዩት።

«ብር የምታህል ቦታ ተልጣለች» አሉ። «ቆዳው ያብለጨልጫል። ምን ነክቶሽ ነው አንች?»

ጣቴን ሰደድኩ። ወልዳ ፀጉሯ የረገፈባትን ሴት ራስ ስንት ጊዜ ዳስሻለሁ፤ ፀጉር ሊመለስ ሲል ጣት ሥር ይሻክራል። ይሄኛው አይሻክርም። ጣቴ ጥፍር ላይ የሄደ ያህል ነበር። ያን ዕለት ገብቶኝ ነበር ማለት እችላለሁ፤ ግን እንዳልገባኝ ሆንኩ። «ምች ይሆናል» ብዬ ነጠላዬን አጣፋሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት እዚያው ሰፈር ወዳለ ክሊኒክ ነው። ድሬሰሩ ከጠረጴዛው ሳይነሳ በሩቁ አየኝና «ቆረቆር ነው፣ ይጋባል» አለ። ክኒንና ቅባት ሰጠኝ፣ የማበጥሪያዬን ሚዶ እንዳቃጥል አዘዘኝ። ሦስት ወር ዋጥኩ። የተላጠው ቦታ ከብር ወደ መዳፍ አደገ። ከዚያ ጠበል ገባሁ፤ በጾም፣ በውርጭ፣ ሁለት ሱባዔ። ጠበሉ ሲወርድብኝ ማቃጠሉ ያርፍልኝ ነበርና ተስፋ አደረግኩ። የንስሐ አባቴ ግን የዋህ ሰው አልነበሩም። ሱባዔው ሲያልቅ ጠርተው «ልጄ፣ ጠበሉን አትተይ፤ ሐኪምም አትተይ፤ እግዜር በሁለቱም ይሠራል» አሉኝ። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የከፋው «ይጋባል» የምትለዋ ቃል ነበረች። ከክሊኒኩ ከኔ ቀድማ ሰፈር ደረሰች። መጀመሪያ ልጆቻቸውን ከደጄ አራቁ። ቀጥሎ ለጥምቀት ሊሠሩ ቀጠሮ የያዙት አንድ በአንድ «ራሴን አሞኝ»፣ «ሐዘን ደርሶብኝ» ማለት ጀመሩ። በዚያ ዓመት ጥምቀት የደባርቅን ሴት ሁሉ ራሷን አሟት ነበር ቢባል ይታመናል። እኔ ሻሼን አጥብቄ ባዶ በርጩማ እያየሁ ዋልኩ።

እትዬ ብዙነሽ ይህን አይተው አንድ የገበያ ቀን፣ ሰው መንገዱን በሞላበት ሰዓት፣ በርጩማዬን አውጥተው ደጃፍ ላይ አስቀመጡና ሻሻቸውን ፈተው ጉልበቴ ሥር ተቀመጡ።

«ሥሪኝ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ሰው ያያል።»

«እንዲያይ እኮ ነው። እኔ ስድሳ ዓመት የለበስኩት ጠጉር ነው፤ ቢጋባብኝም ጠግቤዋለሁ። ሥሪኝ አልኩሽ።»

ሽበታቸውን በቀጭን በቀጭኑ ሠራሁት። አላፊ አግዳሚው ቆም እያለ አየን። ከዚያ በኋላ አምስት ስድስት ደንበኛ ተመለሰልኝ። በዚህ ሁሉ ሕመም ውስጥ የተደረገልኝን ደግ ነገር ቁጠሪ ብባል ከዚህ እጀምራለሁ።

ባለቤቴ ሞላ በዳባትና በደባርቅ መሃል ጠጠር የሚያነጥፍ የመንገድ ሠራተኛ ነበር። ዓመት ሙሉ ራሴን አላሳየሁትም። ስተኛም በሻሽ ነው። አንድ ጠዋት ጫማውን እያሰረ «ትርንጎ፣ እኔ ያገባሁት ጠጉርሽን ነው እንዴ?» አለኝ።

«ሽማግሌ ስትልክ ሌላ ምኔን አይተህ ነበር?» አልኩት።

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እሱ ሲወጣ ግን በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ማልቀሴ ስለ ውበት ብቻ አልነበረም። ከፊት፣ ከግንባሬ በላይ፣ ሦስት ጣት የሚሆን ፀጉር ቀርቶልኝ ነበር፤ በሁለቱም ጆሮ ግንድ በኩልም ትንሽ። የፊቱን በቀጭኑ ሠርቼ ከሻሹ ሥር አወጣው ነበር። ያቺን ረድፍ ያየ ሰው ከኋላዋ ሙሉ ራስ ያለ ይመስለዋል። ሹሩባ ሠሪነቴም፣ ሴትነቴም የተንጠለጠለው በዚያች ረድፍ ላይ ነበር።

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተን በግንቦት መጀመሪያ ጎንደር ወረድኩ። የሕክምና ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ግቢው በቁስለኛ ወታደር ተሞልቶ ነበር። እጅ የሌለው፣ እግር የሌለው በአልጋ ተደርድሮ እኔ ስለ ፀጉሬ ተሰልፌ መቆሜ አሳፈረኝ። አጠገቤ የተቀመጠች የዓምባ ጊዮርጊስ ሴት ምን እንዳመመኝ ስትጠይቀኝ «ሆዴን» አልኳት። እሷም የሆድ መድኃኒት ስትነግረኝ ዋለች።

የቆዳ ሐኪሙ ወጣት ነበር። ሻሼን ፈትቶ በመስኮቱ ብርሃን፣ በማጉያ መነጽር አየኝ። አልተጸየፈም። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ከእትዬ ብዙነሽ ሌላ አናቴን በጣቱ የነካ ሰው እሱ ነበር።

«እህቴ፣ ይሄ ቆረቆር አይደለም» አለ። «ወደ ማንም አይጋባም።»

«ይበቅላል ወይ?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት አሰበ። «ከብት ሲተኮስ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«መተኮሻው ያረፈበት ቦታ ፀጉር ያበቅላል?»

«አያበቅልም።»

«ያንችም እንደዚያ ነው። ልዩነቱ እሳቱ ከውጭ አልመጣም። ከቆዳሽ ሥር፣ እያንዳንዱ ፀጉር የሚበቅልበት ጉድጓድ አለ። ገላሽ ራሱ ያን ጉድጓድ ጠላት ነው ብሎ እየወጋው ነው። ሥሩ ይሞታል፤ ጉድጓዱ በጠባሳ ይደፈናል። የሄደው አይመለስም፤ አልዋሽሽም። የቀረው ግን ሊተርፍ ይችላል።»

ከዚያ እንዲህ ያሉ በሽታዎች ሁለት ሦስት እንደሆኑ፣ መልካቸው ቢመሳሰልም መድኃኒታቸው አንድ እንዳልሆነ፣ ክኒኑም ከባድ ስለሆነ በግምት እንደማይሰጥ አስረዳኝ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከራስ ቆዳዬ ምስር የምታህል ሥጋ ተቆርጣ፣ በጠርሙስ ሆና አዲስ አበባ ሄዳ በመሣሪያ መታየት አለባት። የምትቆረጠው ደግሞ እሳቱ አሁን ከሚነድበት፣ ፀጉሩ ገና ከቆመበት ጠርዝ ነው። ጂቪ የሚሉትን ወይን ጠጅ መድኃኒት በእንጨት ነክሮ ምልክት አደረገልኝ። ያደረገው በዚያችው በፊቷ ረድፍ የኋላ ጠርዝ ላይ፣ ልክ መሃሏ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ መቁረጫው ክፍል እንድገባ ወረቀት ሰጥቶ አሰናበተኝ።

አሁን ስለ ሙያዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በኛ አገር ሹሩባ ሠሪ የምትታመነው በእጇ ቅልጥፍና ብቻ አይደለም። ስታበጥር የረገፈውን ፀጉር ሰብስባ፣ ጠቅልላ፣ ለባለፀጉሯ በእጇ ትሰጣለች። ባለፀጉሯም ወስዳ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ትሸጉጠዋለች። የሰው ፀጉር ሰው እጅ ከገባ ምን እንደሚሠራበት አይታወቅም፤ መተት አለ፣ ምቀኛ አለ። እኔ በዚህ ነገር አንድም ቀን ታምቼ አላውቅም። አንዲት ፀጉር ወድቃ እንኳ ከደንበኛዬ ኋላ ሮጬ ሰጥቻለሁ። እንግዲህ የኔን ፀጉር፣ ያውም ከነሥሩ፣ ከነሥጋው፣ በጠርሙስ አድርገው ወደማላውቀው አገር ሊልኩት ነው።

ሥጋው አላሳሰበኝም። የተላጠው ቦታ ሥጋ የሞተ ነው፣ ይውሰዱት። ፀጉሩ ነው የጨነቀኝ። ከምትቆረጠው ምስር ጎን ያለው ሌላውም ይረግፋል፣ ረድፏ መሃሏ ላይ ትሰነጠቃለች፣ ከሻሽ ሥር የማወጣው አይኖረኝም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ከግቢው ጀርባ ወዳለው የውሃ ቧንቧ ሄድኩ።

ከጡቴ ሥር በመሐረብ የቋጠርኩት ኮፒያ እርሳስ ነበረኝ፤ መሠረተ ትምህርት ስጨርስ የተሰጠኝ፣ ምራቅ ሲነካው ወይን ጠጅ የሚሆን። ጂቪውን በውሃና በሻሼ ጫፍ ፈተግኩት። እርሳሱን ልሼ፣ በጣቴ ዳስሼ፣ ሁለት ጣት ወደ ኋላ፣ ጠፍ መሬት ላይ አዲስ ምልክት አደረግኩ። መስታወት አላስፈለገኝም። ራስ አውቃለሁ ብያችኋለሁ።

የሚቆርጡት ጋሼ አድማሱ የሚባሉ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ። ወረቀቱን አዩ፣ ራሴን አዩ፣ ጎንበስ ብለው ድጋሚ አዩ። «ሐኪሙ እዚህ ነው ያለሽ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

ከዚያ ማደንዘዣውን ወጉኝና ቆረጡ። አላመመኝም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ወጣሁ፤ ረድፏን አተረፍኳት አልኩ።

መልሱ ሰኔ ማለቂያ ላይ መጣ። ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። የራስ ቆዳዬ በመሣሪያ ሲታይ የፀጉር ሥር የለበትም፣ ቆዳውን የሚያወዛው እጢም የለበትም፤ ከላይ እስከ ታች ጠባሳ ብቻ ነው። ምን እንዳቃጠለው ከጠባሳው አይታወቅም። ከቆመ ፀጉር ጠርዝ ድጋሚ ይላክ ይላል።

«እኔ ምልክት ያደረግኩት እኮ ከጠርዙ ነው!» አለ ሐኪሙ። ተነስቶ ጋሼ አድማሱን አስጠራቸው። እኔ ተቀምጬ፣ እሳቸው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው፣ በልጃቸው ዕድሜ ያለ ሰው ተቆጣቸው። ምልክት አይተው መቁረጥ እንዴት ያቅታቸዋል፣ ይህች ሴት ስንት ኬላ አልፋ እንደመጣች ያውቃሉ ወይ፣ አላቸው። እሳቸው እኔን አንድ ጊዜ አዩኝና መሬት መሬት አዩ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ።

አፌን ልከፍት ነበር። አልከፈትኩም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቼ ስቄያለሁ፤ ያን ቀን እኔው አደረግኩት።

ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ ድጋሚ እንዲቆረጥልኝ አዘዘ። የሚቆርጡት ያው ጋሼ አድማሱ ናቸው። በሳቸው ፊት እንዴት ልቀመጥ? ምሳ ሰዓት ላይ ወረቀቱን በኪሴ ይዤ ከግቢው ወጣሁና ወደ ደባርቅ በሚወጣው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። በሚቀጥለው ወር እመለሳለሁ አልኩ። ለሞላም «ሌላ ጊዜ ነይ ብለውኛል» አልኩት።

በሚቀጥለው ወር መንገዱ ተዘጋ። ከዳባት ወዲህ ውጊያ ነበር። መኪና የሚያልፈው በወታደር ታጅቦ ነው፤ የይለፍ ወረቀትም ለፀጉር ሕመም የሚሰጥ አልነበረም። የቀበሌው ጸሐፊ ማመልከቻዬን አይቶ «እህቴ፣ ሰው እኮ እየሞተ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው።

ያ ክረምት ረጅም ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የኔ ግንባር ይበላኝ ነበር፤ እሳቱ ወደ ፊት እየመጣ እንደሆነ ይታወቀኛል። ሐኪሙ ለማቃጠሉ የሰጠኝ ቅባት አለቀ። መጀመሪያ የረድፏ መሃል ቀላ፣ ከዚያ ፀጉሩ ስነካው እየተነቀለ በጣቴ ይመጣ ጀመር። ምልክቱ የነበረበት ቦታ፣ ልክ እዚያው። የጆሮ ግንዴም ተከተለ። የረገፈውን ጠቅልዬ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ሸጎጥኩት። ለመስቀል ደመራ ስወጣ ሻሼን እስከ ቅንድቤ አወረድኩት፤ ከሥሩ የማወጣው አልነበረኝም።

ወደ ጎንደር የተመለስኩት ሌላ ክረምት ደግሞ አልፎ፣ ከመኸር በኋላ ነው። ሞላ በመንገድ ሥራው ጠጠር መኪና ላይ፣ ከአካፋ ጋር ጭኖ ኬላውን አሳለፈኝ። ያ ወጣት ሐኪም አልነበረም፤ ወደ ሰሜን ግንባር ዘምቷል አሉኝ። በህይወት ይኑር አይኑር ዛሬም አላውቅም። በቦታው ያገኘኋት ሐኪም ሴት ነበረች። በማጉያው ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ ቀስ ብላ አየችኝ።

«ያሳክክሻል?»

«ከሐምሌ ወዲህ ትቶኛል።»

«ያቃጥልሻል?»

«አያቃጥለኝም።»

ሻሼን አንስታ ራሷ አሰረችልኝ። «የምቆርጠው ጠርዝ የለም» አለች። «እሳቱ የሚበላው አጥቶ ጠፍቷል። ከእንግዲህ አያምሽም። ድነሻል ማለት ነው።»

መዳን እንዲህ ነው እንግዲህ። አመስግኜ ወጣሁ።

ጋሼ አድማሱ በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ጡረታ ሊወጡ ትንሽ ቀርቷቸዋል። ላልፋቸው ፈልጌ ነበር፤ እግሬ እምቢ አለኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ጋሼ አድማሱ፣ አወቁኝ?»

«አወቅሁሽ፣ ልጄ።»

«ያን ጊዜ ምልክቱን ያዛወርኩት እኔ ነኝ። በኔ ጥፋት ሐኪሙ አንቱን ተቆጣዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

«ዐውቄያለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ጂቪ እንዲህ በውሃ አይለቅም። ከጠጉርሽ መሃል ደብዝዞ ይታይ ነበር። ያንቺኛው ደግሞ የእርሳስ ነው፣ ያብለጨልጫል። እኔ ሠላሳ ዓመት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው አይደለሁም እንዴ?»

«ታዲያ ምነው አልተቆጡኝም? ምነው ዝም አሉ?»

«አዘንኩልሽ» አሉ። «ጠጉሯን አትርፋ ልትሄድ የፈለገች ልጅ ናት፣ ሁለት ጣት ምን ያጎድላል፣ ሥጋ ያው ሥጋ ነው አልኩ። እኔም ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር፣ ልጄ። ሲቆጣኝ ነው የገባኝ። ከሰዓት ትመጫለሽ ብዬ መሣሪያውን ቀቅዬ ጠበቅሁሽ። እስኪዘጋ ድረስ ጠበቅሁሽ።»

ሻሼን ፈታሁት። በቀን፣ በሰው መሃል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። እሳቸው መዳፋቸውን አናቴ ላይ አሳረፉት፤ እኔም አለቀስኩ፣ እሳቸውም አለቀሱ። የሚያልፈው ወታደር ሁሉ ሰው የሞተብን መስሎት «እግዜር ያጥናችሁ» እያለን አለፈ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ሁላችንም ከእናታችን ሰምተነዋል። እኔ ግን በሽታዬን አልደበቅኩም፤ ሄጃለሁ፣ ተሰልፌያለሁ፣ ራሴን አሳይቻለሁ። የደበቅኩት ጤነኛውን ነው። ብሰጣቸው ኖሮ ይድን ነበር ብዬ ልምል አልችልም፤ ሐኪሙም «ሊተርፍ ይችላል» ነው ያለው። አለማወቄ ነው የሚበላኝ፤ እሱ እንደ ማሳከኩ አልተወኝም።

ዛሬም ሹሩባ እሠራለሁ። ጣቴ የማይሻክር ቦታ ሲያገኝ እዚያው ለባለፀጉሯ እነግራታለሁ፤ የምትቆጣኝም አለች። የምትሰማኝ ከተገኘች አብሬያት ሐኪም ቤት ሄጄ፣ ምልክቱ ተደርጎላት እስክትቆረጥ ድረስ ከአጠገቧ አልነሳም፤ ወደ ቧንቧም ብቻዋን አልሰዳትም። ፀጉራችሁ ገና ከቆመበት ስጡ የምለው ለዚህ ነው። እኔ ለማትረፍ የሸሸግኳት ረድፍ የቆየችልኝ አንድ ክረምት ነው።